ፎልደሩ የጋራ፣ ቁልፉ የየራስ

ድሬ ላይ «ኔትወርክ የለም» ከተባለ ሰው ስልኩን ያስቀምጥና ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ ሁሉ የተዘጋ ይመስለናል። ግን አይደለም። ኢንተርኔት ከግቢ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር ነው። ከሳሎን እስከ ጓዳ ያለው መስመር የራሳችሁ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፤ ጊጋ አይቆጥርም። ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ ይሠራል።

ይህን ለተማሪዎቼም ለዘመዶቼም በቃል ስናገር ቆይቻለሁ። ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው። እኛ ቤት በሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን በሚያንቀሳቅስ ነፃ ሲስተም) የሚሠራ አንድ ሰርቨር አለ። የቤቱ ሰው ሁሉ ፋይሉን የሚያስቀምጠውም የሚያገኘውም እዚያ ነው።

ቤታችን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናትና በዚህ ሰፈር ከሐዲዱ ዘመን የቀሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። የኛም ከነሱ አንዱ ነው። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ ነው፤ ደጁ ላይ ኒም አለ። ወደ መንገዱ የሚያየውን ክፍል ታናሽ እህቴ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ አድርጋዋለች። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ካርድ ትሠራለች፤ በአማርኛም፣ በአፋን ኦሮሞም፣ በሶማሊኛም። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ከኋላ ባለው ክፍል ፈተና አዘጋጃለሁ፣ ውጤት እመዘግባለሁ። አባዬ ዕድሜውን በምድር ባቡር ነው የጨረሰው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው የድሮ ፎቶዎቹንና በፈረንሳይኛ የተጻፉ የአገልግሎት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ በስካነር ማስነሳት ሆኗል። እማዬ ደግሞ መዝሙሮቿን በስልኳ ታዳምጣለች። በአንድ ግቢ ውስጥ የፋይል ዓይነቱ እንዲህ የተለያየ ነው። ሰርቨሩን የሠራሁትም ለዚህ ነው።

ከዚያ በፊት ቤቱን የሚያገናኘው ፍላሽ ነበር። ደንበኛ ፍላሹን ይዞ ሱቅ ይመጣል። ከሱ ፍላሽ ወደ እህቴ ኮምፒውተር፣ ከእሷ ኮምፒውተር በኔ ፍላሽ ወደ ላፕቶፔ። ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል። ፎልደሮችን ሁሉ ወደ ሾርትከት የምትቀይረዋን ቫይረስ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ዋናው ፎልደር ተደብቆ ይቀመጣል፤ በቦታው የሚታየው ሾርትከት ሲነካ ቫይረሱን ያስነሳዋል። ሰው ፋይሉ የጠፋ መስሎት ፍላሹን ፎርማት ያደርጋል፤ ያኔ የእውነት ይጠፋል። ሌላው ችግር የቅጂ መብዛት ነው። «ውል»፣ «ውል አዲስ»፣ «ውል የመጨረሻ»፣ «ውል የመጨረሻ የታረመ»። ደንበኛው የፈረመው የቱን ነው? ፋይሉ አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ ይህ ጥያቄ አይነሳም።

ማሽኑ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ፋይል ማካፈል ብዙ ጉልበት አይጠይቅም፤ 4 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ላፕቶፕ የመረጥኩት ርካሽ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ባትሪ ስላለው ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ። ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩበት፤ ያለ ዴስክቶፕ፣ በተርሚናል፣ ማለትም በሚጻፍ ትዕዛዝ ብቻ የሚታዘዝ። ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ «ሎጊንድ» በሚባለው ማዋቀሪያ ውስጥ የክዳኑን መዘጋት ችላ እንዲል ማዘዝ ያስፈልጋል። ባለ 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ ሰካሁበትና ኤክስት 4 በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ፎርማት አደረግኩት። ገበያ ላይ ያሉት ዲስኮች ብዙውን ጊዜ ለዊንዶውስ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። እንደዚያው ቢቀሩም ሊኑክስ ያነባቸዋል፤ የሊኑክስ የፋይል መብት ግን እንደ ልብ አይሠራባቸውም። የኔ ዋና ጉዳይ ደግሞ መብት ነው።

ፎልደር የሚያካፍለው ፕሮግራም ሳምባ ይባላል። ታሪኩን ስለምወደው በአጭሩ ልንገራችሁ። ዊንዶውስ ፋይል የሚካፈልበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ነው፤ መነሻው አይቢኤም ነው፤ ማይክሮሶፍት ወስዶ አሳደገው። በ1991 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድሩ ትሪጅል የሚባል፣ አውስትራሊያ ካንቤራ የሚማር ወጣት የራሱን ፒሲ ከዩኒክስ (ሊኑክስ ከተቀረጸበት የቆየ ሲስተም) ማሽን ጋር ማገናኘት ፈለገ። መመሪያ አልነበረውም። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ በሽቦው የሚያልፈውን መልእክት እየተከታተለ፣ «ይህ ሲባል ያ ይመለሳል» እያለ ቋንቋውን ተማረው። ከዚያም በዚያው ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ጻፈና በነፃ ሰጠ። ማይክሮሶፍት ዝርዝር ሰነዱን ለሳምባ ሰዎች እንዲያገኙት የተስማማው በ2007 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ ነው፤ ያውም ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በፍርድ ቤት ከተሟገተ በኋላ። እስከዚያ ድረስ ሥራው በብዛት በማዳመጥ የተሠራ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን የምነግራቸው፣ ያልተሰጠንን መጽሐፍ በጥንቃቄ በማየት መጻፍ እንደሚቻል እንዲያውቁ ነው።

ሳምባን መጫን የአንድ ትዕዛዝ ሥራ ነው፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገውም ያኔና ለማደስ ብቻ ነው። የሚያዝዘው አንድ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ «ኢቲሲ» ውስጥ፣ ሳምባ በሚለው ፎልደር ሥር፣ ኤስኤምቢ ኮንፍ ይባላል። ለሚካፈለው ለእያንዳንዱ ፎልደር በማዕዘን ቅንፍ ስም ትሰጡታላችሁ። ከሥሩ ፎልደሩ ዲስኩ ላይ የት እንዳለ፣ መጻፍ ይፈቀድ ወይስ ማንበብ ብቻ፣ እነማን እንደሚገቡ ትጽፋላችሁ። ከዚያ «ቴስትፓርም» የሚባለው ትዕዛዝ አጻጻፉን ይፈትሽላችኋል። ይኸው ነው። ብዙ መመሪያዎች እዚህ ያበቃሉ፤ ሁሉም ሰው ያለ ፓስወርድ የሚገባበት አንድ ፎልደር ይከፍቱና «ተሳካ» ይላሉ። ለኔ ሥራው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለምን መሰላችሁ? የማስተምራቸው ልጆች ሲቪና የቤት ሥራ ለማተም የሚመጡት እህቴ ሱቅ ነው። የማዘጋጀው ፈተና ደግሞ ከዚያ ሱቅ አንድ ግድግዳ ወዲህ ነው የሚጻፈው። በሱቁ ኮምፒውተር የፈተናው ፎልደር ቢከፈት የአንድ ክፍል ልጆች ድካም ገደል ይገባል። በተቃራኒውም አለ። ሱቅ ውስጥ የሰው መታወቂያ፣ የሰው የሐኪም ወረቀት፣ የሰው የፍቺ ማመልከቻ ይጻፋል። ደንበኛው አምኖ የሰጠው ለእህቴ ነው፤ ለአባዬም፣ ቡና ለመጠጣት ለመጣ ዘመድም አይደለም። ስለዚህ አንድ ሽቦ ከመዘርጋቴ በፊት ከእህቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጠን ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠራን። በቁመት የሰዎቹ ስም፣ በአግድም የፎልደሮቹ። በየመገናኛው «ያያል»፣ «ይጽፋል» ወይም «የለም»። ይህን ሠንጠረዥ ሳይሠሩ ሰርቨር መክፈት ለኔ በር ሳይገጥሙ ሰው እንደ መጥራት ነው።

የወጣው እንዲህ ነው። «ሱቅ» የሚለው ፎልደር የእህቴና በሱቁ የምታግዛት ልጅ ነው። «ፈተና» የኔ ብቻ ነው። «አልበም» የሁሉም ነው፤ የሚጽፉበት ግን አባዬና እኔ ብቻ። «መዝሙርና ፊልም» ሁሉም ያያል፤ የምጨምርበት እኔ ነኝ። አምስተኛው «መሸጋገሪያ» ነው፤ ሁሉም ይጽፍበታል፣ ሁሉም ያነብበታል። የፍላሽን ቦታ የተካው እሱ ነው። አንድ ነገር ከሱቅ ወደ ጓዳ ማሳለፍ ሲፈለግ እዚያ ይጣላል፤ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያጸዳዋል። ለዘለቄታው የሚቀመጥ ነገር እዚያ እንደማይተው ሁሉም ያውቃል።

ይህን ወደ ማሽኑ ስታስገቡ ሁለት መቆለፊያ እንዳለ ልብ በሉ። አንዱ የሳምባ ነው፤ በፋይሉ ላይ የጻፋችሁት። ሁለተኛው የሊኑክስ የራሱ ነው፤ እያንዳንዱ ፎልደር ባለቤት፣ ቡድንና «ሌላ ሰው» የሚል የመብት ክፍፍል አለው። ሳምባ የፈቀደውን ሊኑክስ ከከለከለ መግባት የለም። ሊኑክስ የፈቀደውን ሳምባ ከከለከለም እንደዚያው። ምንጊዜም የሚያሸንፈው ጠበቅ ያለው ነው። «ሁሉን በትክክል ጻፍኩ፣ ግን አልከፍትም አለኝ» ለሚል ሰው መልሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ረስቶ ነው። አንዳንዱ ሲቸግረው በሊኑክስ በኩል 777 ብሎ ለዓለም ሁሉ ይከፍተዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለሱቁ «ሱቅ» የሚል ቡድን ፍጠሩ፤ ሁለቱን ሰዎች አስገቡበት፤ ፎልደሩን ለቡድኑ ስጡና 2770 በሉት። ሦስቱ የኋላ ቁጥሮች ለባለቤቱና ለቡድኑ ሙሉ መብት፣ ለሌላው ምንም ማለት ናቸው። ከፊት ያለችው 2 ዋጋዋ ትልቅ ነው። በዚያ ፎልደር ውስጥ የሚፈጠር አዲስ ፋይል ማንም ይፍጠረው የቡድኑ እንዲሆን ታደርጋለች። እሷ ከሌለች እህቴ የጻፈችውን ረዳቷ ማረም ያቅታታል፤ «እትዬ፣ አልቀመጥ አለኝ» የሚል ጥሪም ከሱቅ ይመጣል።

ፓስወርዱም ሁለት ነው። ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ አለው፤ ከሊኑክሱ የተለየ። ሰውየው መጀመሪያ የሊኑክስ ተጠቃሚ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ከዚያ በሳምባ ፓስወርድ ይሰጠዋል። ለእህቴና ለአባዬ የሊኑክስ መዝገባቸውን ተርሚናል መክፈት የማይችል አድርጌዋለሁ። የሚፈልጉት ፋይል እንጂ ማሽኑን ማዘዝ አይደለም።

አንድ ሌላ የምወደው ነገር አለ። ሳምባ ላይ አንድ መስመር ሲጨመር መብት የሌለው ሰው የፎልደሩን ስም እንኳ አያይም። ከሱቁ ኮምፒውተር ሰርቨሩን ስትከፍቱ «ፈተና» የሚባል ነገር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያላየው ነገር ሰውን አይፈትነውም። ደግሞም ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም መግባትን አይፈቅድም። እህቴ በስሟ ገብታ እያለ እኔ በዚያው ኮምፒውተር ልግባ ብል ስህተት ብሎ ይመልሰኛል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ችግር ያያል፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል። የፈተና ፓስወርዴ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ የሚጻፍበት ምክንያት የለም።

አገናኙ ላይ ደግሞ ይህን ያዙ። ሰርቨሩ ሁልጊዜ አንድ አድራሻ እንዲኖረው ራውተሩ ላይ መድቡለት፤ የኛ 192.168.1.10 ነው። ዊንዶውስ ላይ ፋይል የሚከፈትበትን መስኮት ክፈቱና የአድራሻው ቦታ ላይ ሁለት ወደ ኋላ ያዘነበሉ ሰረዞች፣ ከዚያ ቁጥሩን ጻፉ። «ኔትወርክ» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ሰርቨሩ ካልታየ አትደንግጡ። የድሮው የመፈለጊያ ዘዴ ከአሮጌው ኤስኤምቢ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አዲሶቹ ዊንዶውሶች ትተውታል። ስልክ ላይ ቪኤልሲ የሚባለው የዘፈንና የፊልም ማጫወቻ ይህንኑ አድራሻ ያነባል፤ እማዬ መዝሙሯን የምትሰማው በሱ ነው። አይፎን ያለው ደግሞ «ፋይልስ» በሚለው በራሱ መተግበሪያ ይገባል።

ከሱቁ እስከ ጓዳው ዋይፋይ አይበቃም። የድሮው ግድግዳ ሞገዱን ይውጠዋል፤ በተለይ ፈጣኑን 5 ጊጋኸርዝ። ስለዚህ በበረንዳው ጣሪያ ሥር ገመድ ዘረጋሁ። ገመዱ ውስጥ ስምንት ሽቦዎች አሉ። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያሳልፈው መስመር የሚጠቀመው አራቱን ብቻ ነው፤ አሥር እጥፍ የሚፈጥነው ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ጫፉ ሲታሰር ከቀሩት አራት አንዷ ሽቦ በደንብ ካልነካች መስመሩ አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል። 1 ጊጋ ፋይል ለማሳለፍ ደቂቃ ተኩል ያህል ከፈጀባችሁ ገመዱን ጠርጥሩ። ጤነኛ ጊጋቢት ከሆነና ዲስኩ በሰማያዊው፣ በፈጣኑ ዩኤስቢ ከተሰካ 10 ሴኮንድ አካባቢ ነው። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለቤት ውስጥ የተሠራውን ገመድ ልባስ ስለሚያደርቀው በቱቦ አሳልፉት።

የፋይል ስምን ነገር በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ። ሳምባና ሊኑክስ ፊደላችንን ያለ ችግር ይቀበላሉ። ፋይሉ «የኪራይ ውል» ተብሎ ከዊንዶውስ ቢሄድ ስልክ ላይም «የኪራይ ውል» ሆኖ ይታያል። ግን አንድ ወሰን አለ። ኤክስት 4 ለአንድ የፋይል ስም የሚሰጠው ቦታ 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል አንዱ 1 ባይት ይወስዳል፤ የኛ ፊደል አንዱ 3 ባይት ነው። ስለዚህ ለኛ ወሰኑ 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ ግን ስሙን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ስለሆነ ከዚያ የረዘመውን ያለ ቅሬታ ይቀበላል። እህቴ የማመልከቻውን ርእስ በሙሉ የፋይል ስም ታደርገው ነበር፤ «ለድሬዳዋ አስተዳደር» ብላ ጀምራ እስከ ጉዳዩ ድረስ። እንዲህ ያለው ስም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይኖራል፤ ወደ ሰርቨሩ ሲላክ ግን አይቀበለውም፤ ምክንያቱንም በግልጽ አይናገርም። አሁን ስሙ የደንበኛው ስም፣ ጉዳዩ በአንድ ሁለት ቃል፣ ከዚያ ቀኑ ነው። «ጽ/ቤት» እና «ት/ቤት» ላይ ያለችዋ እዝባርም በፋይል ስም ውስጥ አትገባም፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም የተከለከለች ናት። በነጥብ ተኳት። ለፍለጋ ስትሉ ደግሞ አጻጻፉን አንድ አድርጉት። «ሠርግ» ብሎ የተቀመጠውን «ሰርግ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

ሱቁ ውስጥ ያለው ትልቁ የፎቶኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን በቀጥታ ወደ ኔትወርክ ፎልደር መላክ ይችላል። አባዬ ወረቀቶቹን የሚያስነሳው በሱ ነው። ማሽኑ ግን አሮጌ ነው፤ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ብቻ ነው። ሳምባ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያንን ካልታዘዘ በቀር አይናገርም። አንድ መስመር ጨምሮ ማስገደድ ይቻላል። «ጨምሪውና ይሥራ እንጂ» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። አልጨመርኩም፣ አልጨምርም። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት በዓለም ዙሪያ ኮምፒውተሮችን የቆለፈው ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ የተሰራጨው በዚያው በአሮጌው ኤስኤምቢ በዊንዶውስ በኩል በነበረ ቀዳዳ ነው። ለአንድ ስካነር ብሎ የቤቱን ሁሉ ቋንቋ ወደ ኋላ መመለስ ተገቢ አይደለም። ማሽኑ ኤፍቲፒ የሚባለውን ሌላ የፋይል መላኪያ ቋንቋም ስለሚያውቅ ለሱ ብቻ አንድ ተጠቃሚና አንድ ፎልደር ሠራሁለት። የላከውን ሰርቨሩ ያነሳና ወደ «አልበም» ወይም ወደ «ሱቅ» ያዛውረዋል። ማሽኑ ከዚያች ፎልደር ውጭ ሌላ ነገር አያይም።

ዋናክራይን ካነሳሁ አይቀር፦ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ አንድ ኮምፒውተር ከያዘ ያ ኮምፒውተር መጻፍ የሚችልበትን የጋራ ፎልደር ሁሉ ይቆልፋል። የደንበኛ ፍላሽ የሚሰካበት የእህቴ ኮምፒውተር የመጀመሪያው ተጋላጭ ነው። እሷ የምትጽፈው «ሱቅ» እና «መሸጋገሪያ» ላይ ብቻ ስለሆነ የአባዬ ፎቶዎች ከዚያ በኩል አይነኩም። ሠንጠረዡ ለምስጢር ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ከኔትወርክ ፎልደር ላይ የተሰረዘ ፋይል ወደ ዊንዶውስ ቅርጫት አይሄድም፤ ወዲያው ይጠፋል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሳምባ ላይ «ሪሳይክል» የሚባል ተጨማሪ አለ፤ የተሰረዘውን ወደ ተደበቀ ፎልደር ያዛውረዋል። ከመጀመሪያው ቀን አብርቼዋለሁ። የሱቁ ረዳት የአንድ ሙሽራ ካርድ ያለበትን ፎልደር ሰርዛ እጇ ሲንቀጠቀጥ ከነበረበት አንስቼ ሰጥቻታለሁ።

የኔ ላፕቶፕም ሊኑክስ ስለሆነ ለኔ ኤንኤፍኤስ የሚባለውን ሌላ የፋይል ማካፈያ መንገድም ከፍቻለሁ። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ለሊኑክስና ሊኑክስ ቀላልና ፈጣን ነው። ግን እንደተለመደው ከተዘጋጀ ሰውን በፓስወርድ አይጠይቅም፤ የተጠቃሚውን ቁጥር አይቶ ያምናል። በላፕቶፔ ቁጥሬ 1000 ከሆነ ሰርቨሩም 1000 ተብሎ የተመዘገበውን ሰው መብት ይሰጠኛል፤ ያ ሰው እኔ ባልሆንም። ስለዚህ በአድራሻ ለኔ ማሽን ብቻ ነው የከፈትኩት፤ ፈተናውንም በሱ አላሳለፍኩም።

አሁን ወደ ባትሪው። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ እየጻፈ ሳለ ይቆማል። ላፕቶፑ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል፤ በዩኤስቢ የተሰካው ዲስክም ኃይል የሚያገኘው ከሱ ስለሆነ አይቆምም። ለራውተሩና ገመዶቹን ለሚያገናኘው ስዊች 12 ቮልት የሚሰጡ ትንንሽ ዩፒኤሶች አሉ፤ አንድ ገዝቼ ሰካሁባቸው። ሰፈሩ ጨልሞ አባዬ በስልኩ ፎቶ ያያል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ማሽኑ በሥርዓት እንዲዘጋ አዝዤዋለሁ። በላፕቶፔ በኩል ደግሞ ሰርቨሩ ባይገኝም መነሳቱን እንዲቀጥል «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ጨምሬያለሁ፤ አለዚያ ሰርቨሩን ሲጠብቅ ይቆማል።

ከመብራት መጥፋት ጋር የሚመጣ አንድ ስውር አደጋ አለ። ማሽኑ ሲነሳ ዲስኩ በሆነ ምክንያት ካልተነሳ፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ባዶ ፎልደር በቦታው አለ። ሳምባ ያንን ባዶ ፎልደር ያካፍላል። ሰው «ፋይሌ ጠፋ» ይላል፤ ይባስ ብሎ አዲስ ፋይል በላፕቶፑ ትንሽ ዲስክ ላይ ይጽፍበታል። መከላከያው ሁለት ነው። ሳምባ ዲስኩ ሳይነሳ እንዳይጀምር ማሰር፤ ባዶውንም ፎልደር ማንም እንዳይጽፍበት መቆለፍ። ሁለቱንም አድርጉ።

ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ስለምትጠጋ እዚያ ያለ ሰው ይህን አንቀጽ ሊዘልለው ይችላል። ሃርድ ዲስኮች ብዙውን ጊዜ እስከ 60 ዲግሪ ይታገሣሉ ይባላል፤ እኔ ግን 50 ሳይደርስ ነው የምሠጋው። ማሽኑን ከቆርቆሮው ጣሪያና ከምዕራቡ ግድግዳ አርቄ፣ ውስጠኛው ክፍል ውስጥ፣ ከወለሉ ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት። «ስማርትሲቲኤል» የሚባለው ትዕዛዝ የዲስኩን ሙቀትና ጤና ይናገራል። የማራገቢያውን ቀዳዳ ከአቧራ ማጽዳት ደግሞ የቤት መጥረግ ያህል የተለመደ ሥራ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ዲስክ አንድ ዲስክ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ በአንድ ሌሊት ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ቤት ከነዕቃው፣ ፎቶ ከነአልበሙ ሄዷል። ከተማችን ይህን ታውቃለች። ስለዚህ የ«አልበም» እና የ«ፈተና» ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ፣ ተመስጥሮ፣ ሐረር አክስቴ ቤት ይቀመጣል። እሷን ለመጠየቅ ስንወጣ አዲሱን ይዘን ሄደን አሮጌውን ይዘን እንመለሳለን። መክፈቻውን እኔና እህቴ ብቻ እናውቀዋለን።

ጅቡቲ ያለው ወንድማችን ደግሞ «ለኔም ከዚህ ሆኜ እንዳየው ክፈችልኝ» ይለኛል። የሳምባ በር ቁጥሩ 445 ነው። ራውተር ላይ ይህን በር ወደ ኢንተርኔት መክፈት ፈጽሞ አይሆንም፤ ቀን ከሌት የሚያንኳኩት ብዙ ናቸው። ትክክለኛው መንገድ ዋየርጋርድ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ከሱ ስልክ እስከ ሰርቨሩ የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋል፤ ሳምባ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ለዚያ ግን ራውተራችን ከውጭ የሚገኝበት የራሱ አድራሻ ያስፈልገዋል፤ አሁን የለንም። እስከዚያ አባዬ የመረጣቸውን ፎቶዎች «ለጅቡቲ» በሚል ፎልደር ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔቱ ሲፈጥን ሌሊት ላይ እልክለታለሁ።